የሥራ ላይ ሥልጠና አስተባባሪውና የሙያ ማኅበሩ፤ ከሐኪሞች የስፔሻላይዜሽን ሥልጠና የተገኘ ልምድ

መግቢያ

ማንኛውም ሥልጠና ሁለት ዓይነት ሥራ ይጠይቃል። አንደኛው ማስተማር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማስተማሩ በተወሰነለት ጊዜ፣ ቦታና መጠን መከናወኑን መከታተል ነው። ትምህርቱ በክፍል ውስጥ በሚሰጥበት ጊዜ ሁለተኛው ሥራ ጎልቶ አይታይም፤ ደወሉ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉና የስም መጥሪያው አብዛኛውን ይሸፍኑታል። ሠልጣኙ ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ መማር ሲጀምር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሠልጣኞች በተለያየ ቦታ ይበተናሉ፤ አሠልጣኞቻቸው ሌላ መደበኛ ሥራ ያለባቸው ሰዎች ይሆናሉ፤ ማን ምን እንደ ተማረና ምን እንደ ቀረው የሚታወቀውም በጽሑፍ ከሰፈረ ብቻ ነው።

ይህንን ሁለተኛውን ሥራ የሚያከናውነው ሰው በብዙ ተቋማት እንደ ተራ ጸሐፊ ሲቆጠር ኖሯል። በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በሐኪሞች የስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ዘርፍ ግን እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን የሙያ ማኅበራት አቋቁመው፣ ሥራቸው ራሱን የቻለ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን ለማሳየት ችለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ማኅበራት አስፈላጊነትና አሠራር፣ በተለይም የቤተሰብ ሕክምና አስተዳደር ማኅበርን በምሳሌነት በመውሰድ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ማብራራት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሬዚደንሲ ሥልጠና ምንነትና አመጣጥ

ሬዚደንሲ የሚባለው አንድ ሐኪም የጠቅላላ ሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ከተመረቀ በኋላ፣ በአንድ የሕክምና ዘርፍ ስፔሻሊስት ለመሆን በሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚሠለጥንበት ጊዜ ነው። ርዝመቱ እንደየዘርፉ ይለያያል፤ በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ሦስት ዓመት፣ አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ደግሞ አምስት ዓመት ይወስዳል። ሠልጣኙ ሬዚደንት ይባላል። የቃሉ ትርጉም «ነዋሪ» ማለት ነው። በ1889 በባልቲሞር ከተማ በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ኦስለር በውስጥ ደዌ፣ ዊልያም ሃልስቴድ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይህን ዓይነቱን ሥልጠና ባደራጁበት ጊዜ ሠልጣኞቹ በእርግጥም የሚኖሩት በሆስፒታሉ ውስጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ሠልጣኞቹ ጥቂቶች ስለነበሩ ብዙ ጽሕፈት አላስፈለገም። መምህሩ ሠልጣኞቹን በየዕለቱ ያያቸዋል፤ ማን እንደ በሰለና ማን ገና እንደ ሆነም በራሱ ይፈርዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ሥልጠናው እየሰፋ በሄደ ቁጥር የውጭ ተቆጣጣሪዎች በየተራ ተጨመሩበት። በ1916 የመጀመሪያው የስፔሻሊቲ ቦርድ በዓይን ሕክምና ዘርፍ ተቋቋመ፤ ስፔሻሊስት ለመባል በቦርድ መመዘን ተፈላጊ እየሆነ መጣ። በ1952 ምሩቃንና ፕሮግራሞች የሚመራረጡበት ብሔራዊ ድልደላ ተጀመረ። በ1965 የወጣው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን የሬዚደንሲ ሥልጠና ዋና ገንዘብ ከፋይ አደረገው። በ1969 የቤተሰብ ሕክምና ሃያኛው ስፔሻሊቲ ሆኖ ታወቀ። በ1981 ደግሞ የድኅረ ምረቃ ሕክምና ትምህርት እውቅና ሰጪ ምክር ቤት ተመሠረተ።

ቦርዱ ሠልጣኙ ምን እንደ ሠራ፣ መንግሥት ገንዘቡ የወጣው ለማን እንደ ሆነ፣ እውቅና ሰጪው ምክር ቤት ደግሞ ፕሮግራሙ መመሪያውን ስለማክበሩ ማስረጃ ይጠይቃሉ። የፕሮግራሙ ዲሬክተር ራሱ ታካሚ የሚያይና የሚያስተምር ሐኪም በመሆኑ ይህንን ሁሉ ብቻውን ሊያሟላ አይችልም። የፕሮግራም አስተባባሪ የሚባለው የሥራ መደብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

2. የአስተባባሪው የሥራ ዘመን

የአስተባባሪውን ሥራ ለመረዳት አንድ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ መመልከት ይበቃል። የሥልጠናው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጁላይ 1፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 24 ነው። በዚያ ቀን የመጨረሻው ዓመት ሠልጣኞች ወጥተው አዲሶች ይተካሉ። አዲሱ ሐኪም የሥልጠና የሥራ ፈቃዱ፣ የጤና ምርመራ ማስረጃውና የሆስፒታሉ መለያው ካልተሟላ ታካሚ ሊነካ አይችልም። ከውጭ አገር ለሚመጡ ሐኪሞች ደግሞ የቪዛው ጉዳይ ይጨመራል። ከኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በአሜሪካ ለመሠልጠን የሚሄዱ ሐኪሞችም በቅድሚያ የውጭ አገር የሕክምና ምሩቃንን ማስረጃ ከሚያረጋግጠው ኮሚሽን የምስክር ወረቀት ማግኘት አለባቸው። ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ በኩል ወረቀታቸውን የሚከታተልላቸው ብዙውን ጊዜ አስተባባሪው ነው።

መጸው ሲገባ የቀጣዩ ዓመት ማመልከቻዎች ይመጣሉ፤ ቃለ መጠይቁ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ይዘልቃል። ከዚያም ፕሮግራሙ አመልካቾችን፣ አመልካቾችም ፕሮግራሞችን በምርጫ ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፤ ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያገናኘው ኮምፒዩተር ነው። የፕሮግራሙ ዝርዝር በተወሰነው ሰዓት ገብቶ ካልተረጋገጠ በድልደላው አይካተትም። የድልደላው ውጤት በማርች ወር ይገለጻል፤ ለአዲሶቹ የሚደረገው ዝግጅትም ወዲያውኑ ይጀምራል።

በነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የዕለት ተዕለቱ ሥራ አለ። ለአብነት ያህል በየዓመቱ 8 ሠልጣኞችን የሚቀበል የሦስት ዓመት ፕሮግራም 24 ሬዚደንቶች ይኖሩታል። ዓመቱ እያንዳንዳቸው አራት ሳምንት በሆኑ 13 ዙሮች ቢከፈል፣ 24 ሠልጣኞች በ13 ዙር ሲመደቡ 312 ምደባዎች ማለት ነው። አንዱ በሕፃናት ክፍል፣ ሌላው በማዋለጃ፣ ሦስተኛው በድንገተኛ ክፍል፣ አራተኛው በሌላ ሆስፒታል ይሠራል። በየምደባው መጨረሻ ቢያንስ አንድ የአሠልጣኝ ግምገማ ያስፈልጋል። ገምጋሚው ሐኪም ሥራ ስለሚበዛበት ያዘገያል፤ የዘገየ ግምገማ ደግሞ የታየው ነገር ከተረሳ በኋላ ስለሚጻፍ ሠልጣኙን አያስተምረውም። ስለሆነም «ግምገማዎን ይላኩ» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ትንሽ ነገር ቢመስልም በቀጥታ የማስተማሩ ሂደት አካል ነው።

የምደባ ሠንጠረዡ ለገንዘብም መሠረት ነው። ሜዲኬር ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ሠልጣኙ የት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሠራ ተቆጥሮ ስለሆነ፣ አንድ ሬዚደንት በሁለት ሆስፒታሎች ቢሠራ ሁለቱ በአንድነት ከአንድ ሙሉ ሠልጣኝ በላይ ሊቆጥሩት አይችሉም። በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ ሜዲኬር በየሆስፒታሉ በሚከፍልላቸው ሠልጣኞች ቁጥር ላይ ጣሪያ ከጣለ ወዲህ የዚህ ቆጠራ ክብደት ጨምሯል።

3. መዝገቡ ሠልጣኙንና ታካሚውን እንዴት እንደሚጠብቅ

የአስተባባሪው መዝገብ ከቢሮ አልፎ ወደ ታካሚው አልጋ የሚደርስበት ዋናው ጉዳይ የሥራ ሰዓት ነው። በ1984 በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። በወቅቱ ያከሟት ሬዚደንቶች ረጅም ሰዓት ሲሠሩና ብዙ ታካሚዎችን ሲከታተሉ የነበሩ መሆናቸው ትልቅ ክርክር አስነሣ። ከዚህም የተነሣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 የሬዚደንቶችን የሥራ ሰዓት ገደበ፤ በ2003 ደግሞ እውቅና ሰጪው ምክር ቤት ገደቡን በመላው አገሪቱ ደነገገ። ደንቡ አንድ ሬዚደንት በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና በአማካይ ከሰባት ቀን አንዱን ቀን ከሥራ ነጻ እንዲሆን ያዛል።

«በአማካይ» የምትለዋ ቃል የአስተባባሪውን ሚና በግልጽ ታሳያለች። አንድ ሬዚደንት በመጀመሪያው ሳምንት 92፣ በሁለተኛው 88፣ በሦስተኛው 76፣ በአራተኛው 72 ሰዓት ሠራ እንበል። ድምሩ 328 ሲሆን ለአራት ሲካፈል 82 ይሆናል፤ ደንቡ ተጥሷል። መዝገቡ በወሩ መጨረሻ ብቻ ከታየ የሚቀረው ጥሰቱን መጻፍ ነው፤ ሠልጣኙም ደክሟል፣ ታካሚውም በደከመ ሐኪም ታክሟል። መዝገቡ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቢታይ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ለአራቱ ሳምንታት የተፈቀደው 320 ሰዓት ነው፤ በሦስቱ ሳምንታት የተሠራው 256 ነው፤ ስለዚህ ለአራተኛው ሳምንት የቀረው 64 ሰዓት ብቻ ነው። ይህንን በጊዜው ያየ አስተባባሪ ለዲሬክተሩ አሳውቆ የሌሊት ተረኛነቱ ለሌላ እንዲሰጥ ያደርጋል። ልዩነቱ መዝገብ በመያዝና ባለመያዝ መካከል ሳይሆን፣ መዝገቡን ለመክሰሻ በማቆየትና ለማረሚያ በመጠቀም መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የትምህርቱ መጠንም እንዲሁ ነው። በቤተሰብ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት አንድ ሬዚደንት በሦስቱ ዓመታት በሥልጠና ክሊኒኩ ቢያንስ 1,650 የታካሚ ጉብኝቶችን ማስተናገድ ነበረበት። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 200 ጉብኝት የጎደለው ሠልጣኝ የሚመረቅበት ቀን ሊተላለፍ ይችላል። ጉድለቱ በሁለተኛው ዓመት ከታወቀ ግን በሳምንት ጥቂት ታካሚዎችን በመጨመር ይስተካከላል።

መዝገቡ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ተቋሙ ራሱ ሲፈርስ ነው። በ2019 በፊላዴልፊያ የሚገኘው የሐነማን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በኪሣራ ሲዘጋ ከ550 በላይ ሬዚደንቶችና ተጨማሪ ሥልጠና ላይ የነበሩ ሐኪሞች በሥልጠናቸው መካከል ቦታ አልባ ሆኑ። እነዚህ ሐኪሞች ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች መዛወር ነበረባቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተቀባዩ ፕሮግራም ሠልጣኙን የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው፤ የትኛውን ዙር ጨረሰ፣ ምን ግምገማ ተሰጠው፣ ምን ቀረው የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ሐኪሙ የተማረውን እንደገና ለመማር ይገደዳል።

4. የሙያ ማኅበሩ ለምን አስፈለገ

እስከዚህ የተዘረዘረውን ሥራ የሚያስተምር መደበኛ ትምህርት ቤት አልነበረም። አስተባባሪው ከሆስፒታል ጽሕፈት ቤት፣ ከሒሳብ ክፍል ወይም ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ይመጣና ከቀድሞው ሠራተኛ የቀሩትን ፋይሎች እያገላበጠ ይማራል። ከዚህም ሌላ በአንድ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ያለው አስተባባሪ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐኪሙ የሥራ ባልደረቦች አሉት፤ ሠልጣኙም እኩዮች አሉት፤ አስተባባሪው ግን በተቋሙ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ላያገኝ ይችላል። የሚያማክረው ሰው ያለው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሆስፒታል፣ በተመሳሳይ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና አስተዳደር ማኅበር ይህንን ክፍተት ለመሙላት የቆመ ብሔራዊ የሙያ ማኅበር ነው። አባላቱ በቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚሠሩ አስተባባሪዎችና አስተዳዳሪዎች ሲሆኑ፣ ዓላማው የአባላቱ የሙያ ዕድገት ነው። በአገሪቱ ያሉት የዘርፉ ፕሮግራሞች ዛሬ ከ700 በላይ በመሆናቸው የሚያገለግለው ክልል ሰፊ ነው። በቀዶ ሕክምናና በአጥንት ቀዶ ሕክምና ዘርፎችም ተመሳሳይ ማኅበራት አሉ። የእነዚህ ማኅበራት ተግባር በሦስት ሊጠቃለል ይችላል።

ሀ) ማሠልጠን። አዲስ አስተባባሪ የሥራውን ዘመን፣ የእውቅና መመሪያውንና የድልደላውን ደንብ በስብሰባና በአጭር ሥልጠና እንዲማር ይደረጋል፤ ልምድ ካለው አስተባባሪ ጋርም ይገናኛል። የአንዱ ፕሮግራም የምደባ ሠንጠረዥ ወይም የግምገማ ቅጽ ለሌላው መነሻ ይሆናል።

ለ) የሙያውን ደረጃ መወሰን። በተለያዩ ዘርፎች የሚሠሩ አስተባባሪዎች በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ተባብረው የሥልጠና አስተዳዳሪዎችን ብቃት በምዘና የሚያረጋግጥ ብሔራዊ ቦርድ አቋቁመዋል። ሐኪሙ በቦርድ እንደሚመዘን አስተዳዳሪውም ይመዘናል ማለት ነው። ፈተና መኖሩ ብቻውን አንድን ሥራ ሙያ አያደርገውም፤ ነገር ግን ሥራው የሚታወቅና ሊገለጽ የሚችል ዕውቀት እንዳለው ያረጋግጣል።

ሐ) ድምፅ መሆን። አንድ አስተባባሪ ብቻውን ሆኖ «ጊዜ አነሰኝ» ቢል የግል ቅሬታ ይባላል። ብዙዎች በአንድነት ሲናገሩ ግን የአሠራር ጥያቄ ይሆናል። እውቅና ሰጪው ምክር ቤት በ2019 ሥራ ላይ ባዋለው አጠቃላይ መመሪያ እያንዳንዱ ፕሮግራም አስተባባሪ እንዲኖረውና ለዚህ የአስተዳደር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት እንዲመደብለት ደንግጓል። በማብራሪያውም አስተባባሪው የፕሮግራሙ የአመራር ቡድን አባል መሆኑን፣ የሙያ ዕድገቱም ሊደገፍ እንደሚገባ ገልጿል። ከጸሐፊነት ወደ አመራር አባልነት የተደረገው ጉዞ በዚህ አንቀጽ በግልጽ ይታያል።

5. ማኅበሩ ሊፈታቸው የማይችላቸው ችግሮች

የማኅበሩን ጠቀሜታ ሲያብራሩ ወሰኑንም ማመልከት ተገቢ ነው። አንደኛው ችግር ከመዝገቡ ታማኝነት ይመነጫል። ሬዚደንቱ ከ80 ሰዓት በላይ መሥራቱን ቢጽፍ የሚጎዳው የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ እውቅናውን ቢያጣ ደግሞ የሠልጣኙ የራሱ የስፔሻሊስትነት ምስክር ወረቀት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሰዓቱን አሳንሶ የመጻፍ ፈተና ይደርስበታል። አስተባባሪው በዚህ መካከል ይቆማል፤ ቁጥሩ እንዲያምር የሚፈልጉ አለቆች በአንድ በኩል፣ እውነቱን የሚጠይቅ ደንብ በሌላ በኩል አሉ። ማኅበሩ ትክክለኛውን አሠራር ሊያስተምር ይችላል፤ እውነት የተናገረን ሠልጣኝ ከቁጣ የሚያድነው ግን የዲሬክተሩና የሆስፒታሉ አቋም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር መዝገቡ ዓላማውን ሲረሳ ይመጣል። ግምገማ ሁሉ «በጣም ጥሩ» እየተባለ ከተሞላ ቅጹ ይሟላል፤ ሠልጣኙ ግን ምንም አይማርበትም። 312 ቅጾች በወቅቱ መሰብሰባቸው የአስተባባሪው ብርታት ምልክት ነው፤ በውስጣቸው የተጻፈው ግን የአሠልጣኞቹ ኃላፊነት ነው። የአስተዳደሩ ብቃት የማስተማሩን ድካም ሊተካ አይችልም።

6. ለትምህርት ዕቅድ ያለው ትርጉም

በሥራ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና በሕክምና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአገራችን የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ወደ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ ይልካሉ፤ በ2003 ከተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ፕራክቲከም በሚል ስም የሥልጠናው ዋና ክፍል ሆኗል። በሕክምናም በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የቤተሰብ ሕክምና የሬዚደንሲ ሥልጠና ተጀምሯል። ዕጩ መምህሩም ሬዚደንቱም ከማሠልጠኛው ርቀው፣ የራሳቸው ሥራ ባላቸው አሠልጣኞች ሥር ይማራሉ፤ ስለ ሁለቱም የሚታወቀው በሚጻፈው መጠን ነው። ስለሆነም ከላይ ከተገለጸው ልምድ ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚከተሉት ነጥቦች ሊወሰዱ ይችላሉ።

አንደኛ፤ የሥራ ላይ ሥልጠና ሲታቀድ የአስተባባሪው የሥራ መደብና ጊዜ ከመጀመሪያው በዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሙሉ የማስተማር ጫና ላለበት መምህር «ይህንንም ደርበህ ያዝ» ተብሎ የሚሰጥ ኃላፊነት ሥራው ሲበዛ በቅድሚያ የሚተው ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛ፤ መዝገቡ በሥልጠናው መጨረሻ ሳይሆን በመካከሉ የሚነበብበት ቀን አስቀድሞ ይወሰን። አንድ ዕጩ መምህር በልምምዱ አጋማሽ የተመደቡለትን ክፍለ ጊዜዎች ግማሽ አለማስተማሩ ከታወቀ ይታረማል፤ በመጨረሻው ሳምንት ከታወቀ ግን ወይ ያለ ብቃት ያልፋል፣ ወይ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

ሦስተኛ፤ በየኮሌጁ ለብቻቸው የሚሠሩ የልምምድ አስተባባሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተገናኝተው ቅጾቻቸውንና ችግሮቻቸውን የሚለዋወጡበት መንገድ ይፈለግ። የአሜሪካኖቹ ማኅበር መነሻ ሐሳብ ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም፤ ለብቻው የሚሠራ ሰው ሥራውን ከሚያውቅለት ሰው ጋር መነጋገሩ ነው።

አራተኛ፤ አስተባባሪው ሲለወጥ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ የዓመቱ የሥራ ቅደም ተከተል በጽሑፍ ይቀመጥ። በአንድ ሰው ትውስታ ላይ ብቻ የቆመ ፕሮግራም ሰውየው በተዛወረ ማግስት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ማጠቃለያ

በጠቅላላው ሲታይ፣ የሬዚደንሲ ፕሮግራም አስተዳዳሪዎች ማኅበራት ታሪክ የሚያስረዳው መዝገብ መያዝና ምደባ ማውጣት ከማስተማር ውጪ ያሉ ሥራዎች አለመሆናቸውን ነው። ሠልጣኙ በሥራ ቦታ በሚማርበት ጊዜ ሥርዓተ ትምህርቱ ያለው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በምደባ ሠንጠረዡም ላይ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ያልሰፈረ ትምህርት አይሰጥም፤ በጊዜው ያልተነበበ ጉድለትም አይታረምም። የዚህ ዋጋ በሆስፒታል በታካሚው፣ በትምህርት ቤት ደግሞ በተማሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ይህንን ሥራ የሚሠራው ሰው ዕውቀት፣ ጊዜና የሙያ ባልደረባ እንዲኖረው ማድረግ ለሥልጠናው ጥራት የሚወጣ ወጪ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።